በአፉ ነው የነፋው

«ፈድሊያ፣ ነይ እይው! ነጣ እኮ! በሃያ ሦስት ነጣ!»

እሱባለው የኳስ መንፊያውን እንደያዘ መሬት ላይ ተንበርክኳል። ከፊቱ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ከአፍታ በፊት ጥርት ብሎ የነበረው የኖራ ውሃ፣ አሁን ወተት የተንጠባጠበበት ይመስላል። ከብርጭቆው ሥር ወረቀት ላይ በጥቁር እርሳስ የተጻፈው የኤክስ ምልክት ጠፍቷል።

ፈድሊያ ቁልፉን ጨብጣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ዘለህ ቆጥረህ ይሆናል» አለችው።

«ምን እዘላለሁ አቦ! ጮክ ብዬ አይደል የቆጠርኩት? ባለፈው ሳምንት አርባ ምናምን ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት! እንጉዳዩ ጉድ ሊያፈላ ነው፤ ትንፋሹ እጥፍ ሆኗል።»

የበዛው የእንጉዳዩ ትንፋሽ አልነበረም። ከቀርከሃው ግርዶሽ ጀርባ፣ የቡና ገለባ ከተሞሉት ጆንያዎች ኋላ፣ የፈድሊያ ታላቅ ወንድም ኢስሃቅ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። በርና መስኮቱ በተዘጋው ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያደረው እሱ ነው። ፈድሊያ ደግሞ ይህንን ታውቃለች።

ቤቲቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች አሮጌ የጭቃ መጋዘን ናት። የባዮሎጂ አስተማሪው ቲቸር ወልደሰማያት ለሳይንስ ክበቡ ያስፈቀዷት አምና ነው። ከሸቤ የቡና መፈልፈያ የመጣ ገለባ ቀቅለው፣ በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀው፣ የእንጉዳይ ዘር ዘሩበትና በገመድ ጣሪያው ላይ አንጠለጠሉት። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ። «የጅብ ጥላ ሊበሉ ነው እንዴ እነዚህ ልጆች?» ተባለ። እንጉዳዩ ግን በቀለ፤ ነጭ፣ ጆሮ የመሰለ፣ ሲጠበስ ሥጋ ሥጋ የሚል።

«እንጉዳይ እንደ ተክል አይደለም» ብለው ነበር ቲቸር። «እንደ እኛው በልቶ አዳሪ ነው። ገለባውን ይበላል፣ የተቃጠለ አየር ያወጣል። ምን ያህል እየበላ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ምን ያህል እንደሚተነፍስ ለኩ።»

መለኪያ መሣሪያ ከየት ይምጣ? የኖራ ውሃና የኳስ መንፊያ ተገኘ። የተቃጠለ አየር የኖራ ውሃን ያነጣል። ስለዚህ ቤቲቱ ተዘግታ ታድራለች፤ ጠዋት የቤቱ አየር በመንፊያው እየተሳበ፣ በቀጭን የጎማ ቱቦ በኖራው ውሃ ውስጥ ይነፋል። ከሥር ያለው ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተነፋ ይቆጠራል። ቁጥሩ ሲያንስ የተቃጠለው አየር በዝቷል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ ተከልክሏል፤ በአፍ መንፋት። ክንዱ የዛለ ሰነፍ ተማሪ ቱቦውን አንዴ በአፉ እፍ ቢልበት ውሃው ወዲያው ይነጣል፣ ልኬቱም ገደል ይገባል።

ፈድሊያና እሱባለው ተራ ገብተው ይለኩ ነበር፤ አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሱ። ቁልፉ የሚያድረው እሷ ጋ ነው። በእሷ ተራ ቀድማ ትመጣና በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አየሩ ሲቀያየር ቆይታ ትለካለች። ቁጥሩ እንደ ድሮው ይሆንላታል። በእሱ ተራ ግን እሱባለው ጎህ ሲቀድ መጥቶ በሩ ላይ ነው የሚጠብቃት። ምን ብላ ቀድማው ትከፍታለች?

እሱባለው ወደ ክፍል ሲሮጥ፣ ፈድሊያ የረሳችው ነገር ያለ አስመስላ ቀረች። በሩን መለስ አድርጋ በግርዶሹ ሾለከች። ይህን ግርዶሽ በክረምቱ የሠራላቸው ራሱ ኢስሃቅ ነው፤ አናጢ ነው፣ በርጩማ ጠራቢ። እጁ ቀርከሃ ሲነካ ያምርበታል።

«እንጉዳይ ሆንኩልሽ፣ ፈዱ» አላት ሹክ ብሎ። ፀጉሩ ላይ ገለባ ተሰክቷል። «በሁለት እግሩ የሚሄድ እንጉዳይ። መኮሮኒ አላመጣሽም?»

«አትቀልድ! ሰምተኸዋል አይደል? በሃያ ሦስት ነጣ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ መተንፈስ ላቁም?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለው የቀበሌያቸው ኮታ አልሞላም ነበር። ወጣት የተባለ ከገበያም ከቤትም ይታፈሳል። በቾ ቦሬ ያለው ቤታቸው ሁለት ጊዜ ተፈትሿል፤ ቦሳ አዲስ ያለችው አክስታቸው ዘንድም ተሂዷል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የቆመው በኢስሃቅ መጥረቢያ ነው። ያለፈው ዙር የሄዱት የሰፈር ልጆች ከሰሜን ድምፃቸው አልተሰማም። የዚህ ዙር መኪኖች እሁድ ይነሳሉ ተብሏል። እስከ እሁድ ከተሸሸገ ለጊዜው ይተርፋል፤ ካልተሸሸገ አለቀ።

«ለእሱባለው ልንገረው» አለች ፈድሊያ። «እሱ እኮ ጥሩ ልጅ ነው። ዝም ይላል።»

የኢስሃቅ ፈገግታ ጠፋ። «ለቀበሌ ዘብ ልጅ? አበድሽ? አባቱ እኮ ጠመንጃ ይዞ ከሚያፍሱት ጋር ነው የሚዞረው። ወላሂ፣ ፈዱ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«አባቱ ሌላ፣ እሱ ሌላ።»

«እሺ፣ እሱ ደግ ነው እንበል። አባቱ ምሳ ላይ ‹ዛሬ ምን አያችሁ?› ቢለው ምን ይመልሳል? ልጅ ነው እኮ። አታስጨንቂው። ትንፍሽ!»

«እሺ» አለች። እሺ ከማለት ሌላ ምን ትላለች? ይዛለት የመጣችውን ቂጣ ሰጥታው ወጣች።

እውነቱን ለመናገር እሱባለውን ከእሷ በቀር የሚቀርበው ልጅ አልነበረም። የዘቡ የለይኩን ልጅ መሆኑ ብቻ በቂ ነበር። እሱ ሲጠጋ ወሬ ይቋረጣል፤ አንዱ ስለ እግር ኳስ ማውራት ይጀምራል፣ ሌላው ጫማውን ያስራል። እሱም ያውቃል። ስለዚህ ራቅ ብሎ ይቆማል። እንጉዳይ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ከረጢቶቹን በስም ይጠራል፤ አንዷን ወፍራም ከረጢት «እመቤቲቱ» ብሏታል። ዓርብ ከግብርና ኮሌጁ እንግዶች እንደሚመጡ ከተሰማ ወዲህማ እንቅልፍ አጥቷል። «ቁጥራችንን ሲያዩ ኮሌጁን ያስጎበኙናል፣ ታያለሽ። ማይክሮስኮፕ አላቸው አሉ!» ይላታል። ቁጥራችን ነው የሚለው፤ ቁጥሬ ብሎ አያውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት ክበቡ ተሰበሰበ። ቲቸር ወልደሰማያት የሁለቱንም ልኬት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉና ጠመኔውን እያሻሹ ቆመው አዩት። በፈድሊያ ተራ አርባ፣ አርባ ሁለት። በእሱባለው ተራ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አንድ።

«አንድ ቤት፣ አንድ እንጉዳይ» አሉ። «በአንድ ቀን ልዩነት ትንፋሹ እንዲህ ሊዘል አይችልም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል። የሚገርመኝ ደግሞ የሰሞኑ እንጉዳይ አንገቱ ረዝሞ ባርኔጣው አንሷል። ይሄ አየር ሲበላሽ የሚመጣ ነው። እስቲ፣ እሱባለው፣ እንዴት እንደለካህ ንገረኝ።»

እሱባለው ተነሥቶ አንድ በአንድ ተናገረ። ሲናገር እጁ መንፊያውን የያዘ ይመስል ከፍ ዝቅ ይላል። ቲቸርም እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። ፈድሊያ የሚመጣው ታያት። አሁን ቲቸር ያምኑታል። «እስቲ ቤቱን እንየው» ይላሉ። ግርዶሹን ያነሳሉ። ኢስሃቅ ገለባ ፀጉሩ ላይ እንደተሰካ ይወጣል። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ፣ ከመሀላቸውም የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ አለ።

«በአፉ ነው የነፋው» አለች።

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«ምን አልሽ?» አሉ ቲቸር።

«በአፉ ነው የሚነፋው። ክንዱ ሲደክመው። አይቼዋለሁ።»

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ የሚቀመጠው ነጋሳ ነው። «አፉማ የለመደ ነው! ከአባቱ ነው የተማረው!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዘብ ቤት የሚወጣ አፍ ሰው እንደሚጠቁም ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ቲቸር ሰሌዳውን በመዳፋቸው መትተው ዝም አሰኟቸው።

እሱባለው ወደ ነጋሳ አልዞረም። ፈድሊያን ነው ያያት። «አይተሽኛል?» አላት ቀስ ብሎ።

«አይቼሃለሁ።»

ሲከስም አየችው። እንደ ኳስ አልፈነዳም፣ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረ። «ቲቸር፣ ሐሙስ ማታ በሩ ይታሸግ። ቁልፉ እርስዎ ጋ ይደር። ዓርብ ጠዋት እንግዶቹ ባሉበት፣ ሁሉም ሰው እያየ ልለካ። አንድ ጊዜ ብቻ። ቁጥሩ አርባ ከሆነ ከክበቡ እወጣለሁ።»

ቲቸር ትንሽ አሰቡ። «ተገቢ ነው» አሉ። «ፈድሊያ፣ ነገ ከሰዓት ስትወጡ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ወረቀት ለጥፌ እፈርምበታለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ከግርዶሹ ጀርባ ሁሉንም ነገረችው። ኢስሃቅ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ለቲቸር ልንገራቸው» አለች። «እሳቸው ሰው ናቸው።»

«ሰው ስለሆኑ ነው የማትነግሪያቸው። ቢታወቅ እኮ እሳቸውን ነው የሚያስሯቸው። በቃ፣ እወጣለሁ። ነገ ቁጥሩ ከወረደ ቤቱን ይፈትሹታል። ነገ ጎህ ሲቀድ የቡና መኪና ወደ ሸቤ አለ፤ ሾፌሩን አውቀዋለሁ። አጎታችን ጋ እገባለሁ።»

«ኬላው ላይስ?»

«ኬላው ላይ አላህ ያውቃል።» ጉንጯን ቆነጠጣት። «ምነው ፊትሽ እንዲህ ሆነ? ያ ልጅ ግን… በአፉ አልነፋም አይደል?»

«አልነፋም።»

«አስቀይመሽዋል» አለ ኢስሃቅ።

በእረፍት ሰዓት እሱባለውን ብቻውን ቧንቧው ሥር ቆሞ አየችው። ነጩን ሸሚዙን ለነገ እያጠበ ነው፤ ቤቱ ውሃ ስለማይኖር እዚህ ነው ልብሱን የሚያጥበው። ፈድሊያ ቀረብ አለች። አንድ ቃል ይበቃል። «ተወው፣ አሽጉ ያልከውን ተወው፣ በኋላ ምክንያቱን እነግርሃለሁ» ብትለው ይበቃል። ወይም ሁሉንም ብትነግረው። አፏን ከፈተች።

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። ሸሚዙን ጨምቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ተብላለች። ደወሉ ተደወለ። ፈድሊያ ወደ ክፍል ሄደች።

ተማሪው ክፍል ውስጥ ሳለ ኢስሃቅ፣ ፈድሊያ ሳትቆልፍ በተወችው በር ወጣ። አንድ ጆንያ ገለባ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ፣ ፊቱን ከልሎ፣ እንደ ማንም ተሸካሚ በጓሮው በር አለፈ። ቤት በሰላም ደረሰ። እናታቸው ዙቤይዳ ለምን እንደወጣ አልጠየቀችም። «ቦታው አይሆንም» አላት፤ እሷም «እሺ» ብላ ጋቢ አለበሰችው።

ዓርብ ጠዋት ፈድሊያ ስትነቃ የኢስሃቅ ፍራሽ ባዶ ነበር።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ሸበቶ ሰውዬና ባለመነጽር ሴት። ቲቸር የለጠፉት ወረቀት እንዳለ መሆኑን አሳዩ፣ ቀደዱት፣ በሩን ከፈቱ። እሱባለው የታጠበ ሸሚዙን ለብሷል፤ አንገትጌው ገና አልደረቀም። አዲስ የኖራ ውሃ ተቀዳ። ቱቦውን ብድግ አድርጎ ለሁሉም አሳየና መንፊያውን ያዘ። ማንም እንዳይጠረጥረው አፉን ግጥም አድርጎ ነበር የሚነፋው። የምትቆጥረው እንግዳዋ ሴት ነበረች።

ሃያ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። ሃያ ሦስት አለፈ። ሃያ ስምንት። ምልክቱ ብርጭቆው ሥር ጥቁር እንደሆነ ነው። ሠላሳ አለፈ። እሱባለው መንፊያውን ቆም አድርጎ ቱቦው የተበሳ ይሆን ብሎ በጣቱ ዳበሰው። ደግሞ ቀጠለ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ፈድሊያ ከቲቸር ጀርባ ቆማ፣ በሕይወቷ ምንም ነገር እንዲህ ተመኝታ አታውቅም፤ ንጣ፣ በአላህ ንጣ።

«አርባ አንድ» አለች ሴትዮዋ። ምልክቱ ጠፋ።

«አይደለም» አለ እሱባለው። «ነጥቶ ነበር። በሃያ ሦስት… ቲቸር፣ እናቴን ይንሳኝ! እንግዲህ…» ከረጢቶቹን እየዞረ አያቸው፤ ይመልሱለት ይመስል። ከበሩ ውጭ ልጆቹ «በአፉ! በአፉ!» እያሉ ይስቁ ጀመር።

ቲቸር ወልደሰማያት አልተቆጡትም። «ለምን፣ ልጄ?» ብቻ አሉት፤ በጣም አዝነው። ሸበቶው እንግዳ «እንግዲህ የልጅቷን ቁጥር እንይዛለን» አለና ፈድሊያን ጨበጣት። ተጨበጨበላት።

እሱባለው መንፊያውን ብርጭቆው አጠገብ በጥንቃቄ አስቀመጠና ወጣ።

ቀትር ላይ ቤት ስትደርስ ደጃፉ ላይ ብዙ ጫማ ተከምሮ አገኘች። ምንም ሳይነግሯት ገባት። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሻሿን በጥርሷ ነክሳለች። ሴቶች ከበዋታል።

«ኬላው ላይ ነው» አለቻት ጎረቤታቸው ባህሪያ። «መኪናውን አቁመው ከቡናው ላይ አወረዱት። ሾፌሩ ነው መጥቶ የነገረን። በቃ፣ ከነለበሰው ጫኑት።»

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ልጄን» አለች ዙቤይዳ። «ማሎ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ ወንድ። ያ ረቢ፣ ቁርሱን እንኳ አልበላም እኮ።» ድምፅዋ ደክሟል። ፈድሊያ ሄዳ ጭኗ ላይ ተደፋች፤ እናቷም ፀጉሯን ትደባብሳት ጀመር። ማቀፏ ነው የባሰ ያቃጠላት።

«ጠቁመውት ነው እንጂ በጠዋት የቡና መኪና ማን ይፈትሻል?» አለች ባህሪያ። «እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ያ የዘቡ ልጅ ነው! ከዚህች ጋር አይደል የሚውለው? አሽትቶ ላባቱ ነገረ፣ አለቀ።»

«እሱ ነው፣ ሌላ ማን አለ» አሉ ሌሎቹም።

እናቷ የፈድሊያን ፊት ቀና አደረገችው። «ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም፣ እማ።»

«ታዲያ ከየት አወቀ?»

ፈድሊያ ፊቷን መልሳ እናቷ ጭን ውስጥ ቀበረች። ያላት መልስ ከአፏ አልወጣ አለ። ዝም ስትል ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱባለው ጥፋተኛ ሆነ፤ እዚያው፣ እሷ ዝም ስላለች።

ትንሽ ቆይቶ ከደጅ የሰው ድምፅ ተሰማ። «ቤቶች… ደኅና ዋላችሁ?» የእሱባለው ድምፅ ነው። ባህሪያ ከሁሉ ቀድማ መጋረጃውን ገለጠችው።

«ሰምቼ ነው…» አለ። ያንኑ ሸሚዝ ለብሷል። «የኢስሃቅን ነገር ሰምቼ… ለእናቱ አይዞዎት ለማለት…»

«አይዞዎት? ሂድልን! በአፍህ የበላኸን አንሶ ልታየን መጣህ? ለአባትህ ንገረው፣ ደስ ይበለው! ሂድ!»

እሱባለው አፉን ከፍቶ ቆመ። እንደገና አፉ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ዛሬ ጠዋትም እንዳልገባው ሁሉ። ወደ ኋላው ተራመደ፣ ዞረ፣ ሄደ። ፈድሊያ ጫማ ሳታደርግ ተከትላው ሮጠች። መስጊዱ አጥር ጋ ደረሰችበት።

«እኔ ምን አደረግኳችሁ?» አላት ሳይዞር። «ወላሂ በይ እስቲ። ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ኢስሃቅ እንጉዳይ ቤት ነበር» አለችው። «ከገለባው ኋላ። ሰሞኑን ሁሉ እዚያ ነበር የሚያድረው። በእኔ ተራ መስኮት እየከፈትኩ አየሩን አስወጣ ነበር። ይታሸግ ስላልክ ትናንት ወጣ።»

እሱባለው ዞረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ቀኖቹን፣ ቁጥሮቹን እያሰበ ነው።

«ሃያ ሦስቱ ልክ ነበር» አለ።

«ልክ ነበር።»

ደስ አላለውም። አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ተቀመጠ። «ብትነግሪኝ እኮ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ፤ «ብትነግሪኝ አርባ ነው እል ነበር። ምን ችግር አለው? ከዚያም በታች ብትዪኝ፣ ከዚያም በላይ ብትዪኝ… እኔ ነኝ እኮ የምቆጥረው። አርባ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ኢስሃቅም እስከ እሁድ እዚያው ይቀመጥ ነበር።»

«አባትህ…»

«አባቴ የሚጠብቀው የቀበሌውን በር ነው! የእኔን ሆድም እሱ ነው እንዴ የሚጠብቀው?» በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስቡት። አንቺ ግን… አንቺ እንደነሱ አልመሰልሽኝም ነበር።»

ፈድሊያ አጠገቡ ቁጭ አለች። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነባት። ወንድሟ አሁን የት እንደደረሰ አታውቅም። ቁርስ ያልበላውን፣ ሸሚዙ ላይ ገለባ ያለውን ወንድሟን መቼ እንደምታየው አታውቅም፤ ጨርሶ ታየው እንደሆነም አታውቅም። ሁለቱም አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ እየተያዩ ሳይሆን መንገዱን እያዩ።

ከቤታቸው በኩል የእናቷ ልቅሶ ተሰማ፤ ከመሀሉም የባህሪያ ድምፅ፣ «የዘቡ ልጅ፣ የዘቡ ልጅ» እያለ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ነገ ትምህርት ቤቱ። እሱባለው የሄደበት ሁሉ ይህ ስም ይከተለዋል። እሷ ደግሞ ዝም ካለች፣ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ፀጉሯን ትደባበሳለች። እናቷ ካወቀች ግን ያ እጅ መቼም ተመልሶ ላያርፍባት ይችላል።

ተነሣች። «ና» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«ያባርሩኛል።»

«አያባርሩህም። ና እልሃለሁ።»

አልነሣ ሲል እጁን ይዛ ሳበችው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ አጥብቃ ያዘችው። መጋረጃውን ገልጣ ቀድማ ገባች። ባህሪያ ልትነሣ ቃጣች። ፈድሊያ እሷን አላየቻትም።

«እማ» አለች። «ኢስሃቅን ከተደበቀበት ያስወጣው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»